«ዋጋ» እና ጨዋታ፤ የቪዲዮ ጨዋታን ከመግዛት በፊት ስለ መሔስ (ከጋምቤላ አንጻር)

1. መግቢያ

በአማርኛ «ዋጋ» የሚለው ቃል ቢያንስ አራት ፍቺዎች አሉት። ገበያ ላይ «ዋጋው ስንት ነው?» ሲባል ለዕቃው የሚከፈለውን ገንዘብ ያመለክታል። «ዋጋ ያለው ሥራ» ሲባል ፋይዳን፣ «ብዙ ዋጋ ከፈለ» ሲባል መሥዋዕትነትን፣ «የድካሙን ዋጋ አገኘ» ሲባል ደግሞ ብድራትን ይገልጻል። አንድን የኪነጥበብ ሥራ ገንዘቡን አውጥቶ ሊገዛ የተነሳ ሰው «ይህ ነገር ዋጋው ይገባዋል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ላይ ላዩን ሲታይ የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ ያነሳ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን ጥያቄው አራቱንም ፍቺዎች በአንድነት የያዘ ነው። ስንት እከፍላለሁ፣ ምን ይፈይድልኛል፣ ለእርሱ ስል ምን አጣለሁ፣ በመጨረሻስ ምን ይቀርልኛል የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በቪዲዮ ጨዋታ ላይ ማንሳትና አንድ ጨዋታ ከመገዛቱ በፊት ዋጋው የሚገባው መሆን አለመሆኑ በምን መመዘኛ ሊፈረድ እንደሚችል መመርመር ነው። ለማሳያነት የተመረጠው ደቡብ ሱዳናዊው ሉዋል ማየን የሠራው «ሰላም» የተሰኘው ጨዋታ ነው። ጨዋታው የሚያወሳው ስለ ስደት በመሆኑ፣ ሚዛኑም የተቀመጠው ከስደት ጋር ዕለት ተዕለት በሚኖር አካባቢ፣ ማለትም በጋምቤላ ነው።

የቪዲዮ ጨዋታ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ጉዳይ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ኖርዌያዊው ምሁር ኤስፐን ኦርሴት በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሳይበርቴክስት» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ገጽ ከመግለጥና ዓይንን ከማንቀሳቀስ ያለፈ ጥረት የሚጠይቁ፣ በአንባቢው ጥረትም መንገዳቸው የሚለዋወጥ ድርሰቶች መኖራቸውን አሳይቷል። አሜሪካዊው ኢያን ቦጎስት ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ጨዋታ ሐሳቡን የሚያስረዳው በቃልና በሥዕል ብቻ ሳይሆን በሕጉም ነው ሲል ተከራክሯል። ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይከለከላል፣ ምን ያሸልማል፣ ምን ያስቀጣል የሚሉት ነገሮች የጨዋታው ክርክር ናቸው። ይህ ከሆነ ዘንድ፣ ሴራንና ግጭትን፣ መቼትንና አንጻርን መመርመር የለመደ ሃያሲ ጨዋታንም ለመመርመር መሣሪያው አያንሰውም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ መሆን አለበት። ጽሑፉ አንድን ጨዋታ እስከ ፍጻሜው ተጫውቶ የሚቀርብ ምሉዕ ሂስ አይደለም። የሚያተኩረው ገዢው ከመክፈሉ በፊት ሊያውቃቸው በሚችላቸው ነገሮች ላይ፣ ማለትም በርዕሱ፣ በተነገረለት ሕግ፣ በዓይነቱና በአከፋፈሉ ላይ ነው። የብዙው ሰው ፍርድ የሚሰጠው በዚሁ ደረጃ ላይ ስለሆነ ደረጃው ራሱን የቻለ ምርመራ ይሻል።

2. ጨዋታና ክፍያ በአገራችን ልማድ

ጨዋታ ሁልጊዜም የራሱ ዋጋ ነበረው። የእንቆቅልሽን ሥርዓት እንመልከት። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። መልሱ የጠፋው ተጠያቂ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ልጁም ጎንደርን ወይም ሐረርን ወይም የሚያውቀውን ሌላ አገር ይሰጣል። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። በመጀመሪያ፣ ክፍያው ከጨዋታው በፊት ለሁለቱም የታወቀ ነው። ሁለተኛ፣ የሚከፈለው እንቆቅልሹ ተሰምቶና ተሞክሮ ካለቀ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም። ሦስተኛ፣ የሀብታም ልጅም የድሃ ልጅም የሚከፍለው በአንድ ዓይነት ገንዘብ፣ በቃል ነው። ሆላንዳዊው ዮሃን ሃይዚንጋ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ጨዋታና ባህል በሚያትተው መጽሐፉ ጨዋታ ከቁሳዊ ጥቅም የተለየ መሆኑን አጽንቶ ጽፏል። የእኛ እንቆቅልሽ ግን ትንሽ ለየት ያለ ነገር ያሳያል። በእንቆቅልሽ ክፍያ አለ፤ ነገር ግን ክፍያው ራሱ የጨዋታው አካል ስለሆነ ማንንም ደጅ አያስቀርም።

ገበጣም እንዲሁ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ እጅግ በርካታ የገበጣ አጨዋወቶች መኖራቸውን መዝግቧል። ገበጣ ለመጫወት የሚያስፈልገው መሬት ላይ የተማሰ ጉድጓድና ጠጠር ወይም የዛፍ ፍሬ ነው። ተጫዋቹ የሚያወጣው ጊዜውንና ሐሳቡን ነው። ከብት ጠባቂውም ሹሙም በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ሊቀመጡ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በከተማ ደግሞ ኪራይ የሚባል ብልሃት ነበር። ጋዜጣ ገዝቶ ለማንበብ አቅም ያነሰው አንባቢ አራት ኪሎ አካባቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሳንቲም ተከራይቶ ያነብ እንደነበር የሚታወቅ ነው። የመጽሐፍና የቪዲዮ ካሴት ኪራይም በዚሁ መንገድ ኖሯል። ዛሬ በየከተማው የሚታየው ፕሌይስቴሽን ቤት የዚሁ ልማድ ወራሽ ነው። ልጆች መሣሪያውንም ጨዋታውንም አይገዙም፤ ለአንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ የሚጠየቀውን ሂሳብ ይከፍላሉ፣ የተሸነፈው ይነሳል፣ ወረፋ የያዘው ይቀመጣል። ጀርባቸው ላይ የቆሙት ደግሞ ሳይከፍሉ ያያሉ፣ ይተቻሉ፣ ያርማሉ። በእኔ እምነት በአገራችን የመጀመሪያው የቪዲዮ ጨዋታ ሂስ የተጀመረው እዚያው፣ ከተቀመጠው ልጅ ጀርባ ነው። ያ ሂስ የሚሰጠው ከመግዛት በፊት መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

3. የተለጠፈው ዋጋና ሌላው ዋጋ

በዓለም ገበያ የአንድ ታላቅ ጨዋታ መሸጫ ለረጅም ጊዜ 60 ዶላር ያህል ሆኖ ቆይቶ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙዎቹ አሳታሚዎች ወደ 70 ዶላር ከፍ አድርገውታል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር። በዚያ ስሌት 70 ዶላር 4,000 ብር አካባቢ ይሆናል። ከለውጡ በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ ያው ጨዋታ ከ7,000 ብር በላይ ሆኗል። በአንጻሩ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን በተወሰነው የደመወዝ ማስተካከያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። እንግዲህ አንድ ጨዋታ የአንድ ሠራተኛን የወር ደመወዝ ወስዶ አሁንም ይጎድለዋል ማለት ነው። በአንድ አገር የአንድ ምሽት ራት የሚያህል ዋጋ በሌላው አገር የአንድ ወር ቀለብ ነው።

ይህም የተለጠፈው ዋጋ ብቻ ነው። መጫወቻው መሣሪያ አለ፤ የኤሌክትሪክ መኖር አለመኖር አለ፤ አንዳንድ ጨዋታ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚመዝን ለማውረድ የሚያልቀው የዳታ ጥቅል አለ፤ በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል የሚያስፈልገው የባንክ ካርድ አለ። ቋንቋውም ወጪ ነው። የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን ሕዝቡ በአፍ መፍቻነት የሚናገረው ኑዌርኛን፣ አኙዋክኛን፣ መዠንግርኛንና ሌሎችንም ነው። አብዛኞቹ ጨዋታዎች ግን ከእነዚህ በአንዱም አይናገሩም። ተጫዋቹ ገንዘቡን ከፍሎ ሲያበቃ የታሪኩን ግማሽ በግምት ይከታተላል።

ከዚህ ላይ የጋምቤላን ታሪክ ማንሳት ያስፈልጋል። ከተማይቱ የንግድ ጣቢያ የሆነችው በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ስምምነት መነሻነት ነው። የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው በባሮ ወንዝ እየመጡ ሸቀጥ ያራግፉ፣ ቡና ይጭኑ ነበር። መርከብ ሊደርስ የሚችለው ግን ወንዙ በሚሞላበት የክረምት ወራት ብቻ ነበር። ስለዚህ የዕቃ ዋጋ ሩቅ ቦታ ከተሠራው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ከሚያልፍበት መንገድም እንደሚመነጭ የጋምቤላ ነጋዴ ከመቶ ዓመት በፊት ያውቀው ነበር። የዘመኑ ወንዝ ሌላ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

4. ከመግዛት በፊት ምን ይነበባል?

ፈረንሳዊው ዤራር ዤኔት በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው የመጽሐፍን ርዕስ፣ ሽፋን፣ መቅድምና ማስታወቂያ የድርሰቱ ደጃፍ አድርጎ አጥንቷቸዋል። የጨዋታ ገዢ የሚቆመው በዚህ ደጃፍ ላይ ነው። ሆኖም ደጃፉን ያስጌጠው ሻጩ ስለሆነ ጥንቃቄ ያሻል። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ የሆነው ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከሽያጩ በፊት ለሃያስያን የተሰጠው በኮምፒዩተር የሚሠራው ቅጂ ብቻ ነበር። ቀድሞ በወጡት የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ መሣሪያዎች ላይ የሚሠራው ቅጂ በስህተት የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ሶኒም ጨዋታውን ለወራት ከመደብሩ አውጥቶ ለገዢዎች ገንዘባቸውን መለሰ። ሃያስያኑ አልዋሹም፤ ሆኖም ያመሰገኑት ጨዋታና ብዙው ሰው የገዛው ጨዋታ አንድ አልነበሩም። «ያልተገላበጠ ያራል» እንዲሉ፣ አንድ ወገን ብቻ የታየ ነገር ፍርዱም አንድ ወገን ይሆናል። «ስቲም» የተባለው መደብር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥና ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወቱትን መመለስ መፍቀዱ ቀምሶ የመግዛትን መብት በመጠኑ ያስከበረ እርምጃ ነው።

በገዢዎች ዘንድ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ሰዓት ነው። ዋጋው ለሰዓቱ ሲካፈል ያነሰ የወጣለት ጨዋታ ርካሽ ይባላል። ይህ መለኪያ ለሥነ ጽሑፍ ሰው አጠራጣሪ ነው። ቅኔን በቤቱ ብዛት የምንመዝን ቢሆን ኖሮ ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ከሁሉ የረከሰ በሆነ ነበር፤ የቅኔ ተማሪ ግን አንዱን ጉባኤ ቃና ለመፍታት ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ያነጋል። በሌላ በኩል ብዙ ሰዓት የሚወስድ ጨዋታ ተጫዋቹን አንድ ዓይነት ሥራ እያሠራ የሚያመላልሰው ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ከተጫዋቹ ዕድሜ የሚቆረጥ መሆኑም መረሳት የለበትም። ስለዚህ የሰዓት ብዛት ከትርፉ ወገን ብቻ ሳይሆን ከወጪውም ወገን መጻፍ አለበት።

በሰዓት ፋንታ የሚከተሉት አራት መጠይቆች የተሻለ ያገለግላሉ ብዬ አምናለሁ።

ሀ. ሕጉ ምን ይላል? ጨዋታው በማስታወቂያው ስለ ሰላም እየተናገረ በሕጉ የሚሸልመው መግደልን ብቻ ከሆነ፣ ቅርጹና ይዘቱ ተጣልተዋል።

ለ. የሚታየው በማን ዓይን ነው? ስለ ስደተኛ የሚናገር ጨዋታ ስደተኛውን ባለ ታሪክ ያደርገዋል ወይስ የሌላ ሰው ደግነት መታያ?

ሐ. ክፍያው የት ላይ ነው? በር ላይ የሚጠየቅ አለ፤ በነፃ አስገብቶ መሐል ላይ የሚጠይቅ አለ። ኋለኛው «ነፃ» ቢባልም ክፍያው በሴራው ውስጥ ስለገባ የሂስ ጉዳይ ይሆናል።

መ. ተጫውተው ሲያበቁ ምን ይቀራል? እንደገና የሚያስኬድ፣ የሚያነጋግር፣ ለሌላ ሰው የሚተረክ ነገር አለው ወይ?

5. «ሰላም» በሚዛን ላይ

ሉዋል ማየን የተወለደው ወላጆቹ ጦርነት ሸሽተው ከደቡብ ሱዳን ወደ ዩጋንዳ በሚጓዙበት ጊዜ ነው። ያደገውም በሰሜን ዩጋንዳ በስደተኞች ሰፈር ነው። እናቱ ለሦስት ዓመት ቆጥበው በ300 ዶላር ኮምፒዩተር ገዙለት። ኤሌክትሪክ ፍለጋ ሦስት ሰዓት በእግሩ እየተጓዘ ራሱን በራሱ አስተምሮ ጨዋታ መሥራት ጀመረ። በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚካሄደው የጨዋታ ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ የ«ዓለም አቀፍ የጨዋታ ዜጋ» ክብር ተሰጠው። «ዋጋ» ባልነው ቃል ብንሄድ፣ የዚህ ጨዋታ የመጀመሪያ ዋጋ ማንም ተጫዋች ከመክፈሉ በፊት በአንዲት እናት ተከፍሏል። የሠሪው ሕይወት ግን የሥራውን ደረጃ አይወስንም። ሃያሲ ከዚህ ታሪክ ላይ ቆሞ ቢያመሰግን ያመሰገነው ሰውዬውን እንጂ ጨዋታውን አይደለም።

ርዕሱ ደጃፉን በሚገባ ይከፍታል። «ሰላም» በዓረብኛም በግዕዝም በአማርኛም አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፤ ኑዌሮችም «ማሌ» ብለው ሰላምታ ሲለዋወጡ የሚመኙት ይህንኑ ሰላም ነው። ስለዚህ ርዕሱ በጋምቤላ ገበያ ለሚገናኙ ሰዎች ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይገባል ማለት ይቻላል።

ጨዋታው በተገለጸው መሠረት የሩጫ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ አንድን ስደተኛ ከጦርነት ወደ ሰላማዊ ሥፍራ ይመራል። ስደተኛው ውሃ፣ ምግብና መድኃኒት ያስፈልገዋል። ጉልበቱ ሲያልቅ ተጫዋቹ በእውነተኛ ገንዘብ የሚያስፈልገውን ይገዛለታል፤ ገንዘቡም በዕርዳታ ድርጅቶች በኩል በእውነተኛ ሰፈር ላሉ ስደተኞች እንዲደርስ ታስቧል። እንግዲህ ከላይ በተራ ቁጥር ሐ የተነሳው ጥያቄ የዚህ ጨዋታ እምብርት ነው፤ ክፍያው ከሴራው ውስጥ ገብቷል።

ይህ ሕግ ብርቱ ጎን አለው። በስደተኛ ሰፈር የሰው ነፍስ የምትቆየው ሩቅ ባለ፣ ስደተኛው ፈጽሞ በማያየው ሰው ውሳኔ ነው። ጋምቤላ ይህን በሚገባ ታውቃለች። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሳ በኋላ በፓጋክና በአኮቦ በኩል የገቡት ስደተኞች በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጀዊ፣ በንጉኝኤልና በሌሎችም ሰፈሮች ተቀምጠዋል። ቁጥራቸው ከ300,000 በላይ ሆኗል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ራሱ 307,000 ያህል እንደነበረ ስናስታውስ መጠኑ ይገባናል። በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. የዕርዳታ እህል ላልታሰበለት ዓላማ ውሏል በሚል ምክንያት የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የምግብ ዕደላውን ሲያቋርጥ፣ ዕደላው ለስደተኞች እንደገና የተጀመረው በጥቅምት ወር ነበር። በእነዚያ ወራት በእያንዳንዱ ድንኳን የነበረው ሁኔታ ከ«ሰላም» ሕግ ጋር ይመሳሰላል። ጉልበት አልቋል፤ የሚቀጥለው እርምጃ በስደተኛው እጅ ሳይሆን በሌላ ሰው ኪስ ነው። ጨዋታው ይህን በስብከት ሳይሆን በሕግ መናገሩ ጥበብ ነው።

ይኸው ሕግ ሁለት ድካሞችም አሉት። የመጀመሪያው ምጽዋትንና ዋጋን ማደባለቁ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለተራበ ሰው ከሆነ «ጨዋታው ደካማ ነው» ለማለት አፉ ይያዛል። ምጽዋት አይመዘንም፤ ዋጋ ግን ይመዘናል። ሁለቱ በአንድ ቁልፍ ሲከፈሉ ሂስ በይሉኝታ ይታሰራል። ለጨዋታው ክብር የሚስማማው ምጽዋቱ ለብቻው ተቆጥሮ፣ ጨዋታው ደግሞ በጨዋታነቱ ቢፈረድ ነው።

ሁለተኛው ድካም ከዓይነቱ ይመነጫል። በሩጫ ጨዋታ በጎነት ማለት ፍጥነት ነው፤ የዘገየ ይወድቃል። ይህን ቅርጽ ከአገራችን የሞባይል ጨዋታዎች በአንዱ እናውቀዋለን። ቅኔ ጌምስ በሠራው «ኩኩሉ» አንዲት ዶሮ ከገበሬ አምልጣ ትሮጣለች። የቅርጹ ፍጥነት እዚያ ሳቅ ይፈጥራል፤ ከይዘቱ ጋርም ይስማማል። የስደት ታሪክ ግን ሩጫው አጭር፣ መቆየቱ ረጅም ነው። ድንበር እስኪታለፍ ሩጫ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ምዝገባን መጠበቅ፣ የራሽን ቀንን መጠበቅ፣ የጠፋ ዘመድ ወሬ መጠበቅ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ዕድልን መጠበቅ ነው። ማየን ራሱ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል በሰፈር ኖሯል። የሌይቾር ሰፈር በ2014 እ.ኤ.አ. ክረምት በጎርፍ ሲጥለቀለቅ የደረሰውን ብናስታውስ፣ ስደተኞቹ ጠላት አላሳደዳቸውም፤ ተቀምጠው ሳሉ ውሃው መጣባቸው። ወደ ጀዊ መዛወሩም እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ቆየ። የሩጫ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ቦታ የለውም። ስለዚህ «ሰላም» በአከፋፈል ሕጉ የሰፈርን እውነት ሲናገር፣ በእንቅስቃሴ ሕጉ ደግሞ ያንኑ እውነት ያልፈዋል።

6. ማነጻጸሪያ

ይህ ድካም የጨዋታ ጥበብ ጠቅላላ ድካም አለመሆኑን ለማሳየት ሁለት ሥራዎችን እንጥቀስ። በ2017 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተሠራ፣ ርዕሱ ወደ አማርኛ «ቅበሪኝ፣ ፍቅሬ» ተብሎ ሊመለስ የሚችል ጨዋታ አለ። ከሶርያ ወደ አውሮፓ የምትሰደድ ኑር የተባለች ሴት ከአገር ቤት ከቀረው ባሏ ጋር በስልክ መልእክት ትጻጻፋለች። ተጫዋቹ ባልየው ነው። ኑር መንገድ ላይ ስትሆን መልእክቷ ለሰዓታት ሊጠፋ ይችላል፤ ተጫዋቹም በእውነተኛው ሰዓት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ታሪኩ 19 ፍጻሜዎች አሉት። ዝምታው ራሱ ሴራ ሆኗል። ተጫዋቹ የሚከፍለው ትልቁ ዋጋ ጭንቀት ነው፤ ይህንንም ዘመዱ ማዶ የቀረበት የጋምቤላ ነዋሪ ሁሉ ከፍሎታል።

ሁለተኛው በ2014 እ.ኤ.አ. በፖላንድ የተሠራው «የእኔ ጦርነት» ሊባል የሚችለው ጨዋታ ነው። መነሻው የሳራዬቮ ከበባ ሲሆን ተጫዋቹ የሚመራው ወታደር ሳይሆን የተከበቡ ሲቪሎችን ነው፤ ሕጉም ተኩሱ እስኪቆም መቆየት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የፖላንድ መንግሥት ይህን ጨዋታ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ ንባቦች ተርታ አስገብቶ በነፃ እንዲያገኙት አድርጓል። ለእኛ ትምህርት ያለው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ማኅበረሰብ አንድን ጨዋታ ፋይዳ አለው ብሎ ከፈረደ በኋላ፣ የተለጠፈው ዋጋ በተማሪው ላይ እንዳይወድቅ ማድረግ ይቻላል። ፋይዳና ክፍያ በአንድ ቃል ቢጠሩም የግድ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይጫኑም።

7. መከራን ለኖረው ሰው መከራን መሸጥ

አንድ ጥያቄ ይቀራል። የስደት ጨዋታ ለለንደን ወይም ለዋሽንግተን ነዋሪ የማያውቀውን ነገር ያሳውቀው ይሆናል። ከፓጋክ በእግሩ ለመጣ ወጣት ግን ጉልበት ማለቁ ወሬ አይሆንበትም። ታዲያ እርሱ ለምን ይከፍላል?

መልሱን የሚሰጠን የለቅሶ ሥነ ቃል ይመስለኛል። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ለሐዘንተኛው የማያውቀውን ነገር አትነግረውም፤ ማን እንደሞተ፣ እንዴት እንደሞተ ከእርሷ ይበልጥ እርሱ ያውቃል። የምትሰጠው ቅርጽ ነው። የተበታተነውን ሐዘን በስንኝ አስራ፣ ተቀባይ አበጅታ፣ ሰዎች በአንድነት የሚሸከሙት ታደርገዋለች። ሐዘንተኛው የሚያመሰግናት በዚህ ነው። የስደት ጨዋታም መከራውን ለኖረው ሰው ዋጋ የሚኖረው መረጃ በመስጠቱ ሳይሆን ቅርጽ በመስጠቱ ነው። ኑርን መጠበቅ ቅርጽ ነው። የ«ሰላም» አከፋፈልም የቅርጽ ጅምር አለው፤ ሩጫው ግን ከሌሎች የሩጫ ጨዋታዎች የተዋሰው ልብስ ነው፤ ለሰውነቱ አልተሰፋም።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። ጨዋታው የሚተርክለት ሰው ጨዋታውን ሊገዛ ካልቻለ፣ ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ ሊፈርድ የሚችለው ዋነኛ ዳኛ ከችሎቱ ውጭ ቆሟል ማለት ነው። ውዳሴውና ነቀፌታው የሚጻፈው ሁሉ ሰፈሩን በማያውቅ ሰው እጅ ይሆናል። ዋጋ እንግዲህ ኪስን ብቻ አይነካም፤ ማን እንደሚፈርድም ይወስናል።

8. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ የቪዲዮ ጨዋታ ዋጋ በሰዓት ብዛት ሊመዘን እንደማይገባው፣ ይልቁንም ሕጉ፣ አንጻሩ፣ የክፍያው ሥፍራና የሚተወው ቅሪት ከመግዛት በፊት ሊነበቡ እንደሚችሉ ለማሳየት ተሞክሯል። «ሰላም» በዚህ ሚዛን ሲታይ በአከፋፈል ሕጉ እውነተኛና ደፋር፣ በእንቅስቃሴ ሕጉ ግን ልማድ የተጫነው ሥራ ነው። ለመርዳት የሚከፍል ሰው መርዳቱን ያውቅ፤ ለጨዋታው የሚከፍል ሰው ደግሞ መጠበቅን የሚያውቅ ጨዋታ ከሠሪው የመጠየቅ መብት አለው።

ለትምህርት ክፍላችን የሚቀረው ሥራ ቀላል ወጪ ያለው ነው። በቃላዊ ሥነ ጽሑፍ የመስክ ሥራ የሚሰማሩ ተማሪዎች የአረጋውያንን ተረት እንደሚመዘግቡ ሁሉ፣ በፕሌይስቴሽን ቤት ከተቀመጠው ልጅ ጀርባ ቆመው የሚተቹትን ልጆች ቃልም ቢመዘግቡ፣ በሰፈሮቹም ያሉ ወጣቶች ስለ ስደት የተሠሩ ጨዋታዎችን በጋራ መሣሪያ ተጫውተው የሚሰጡትን ፍርድ ቢያሰባስቡ፣ ሂሱ ከባለ ጉዳዩ አፍ ይገኛል። እንቆቅልሹን ሰምቶ፣ ሞክሮ፣ ከዚያ በኋላ አገር መስጠት የለመደ ሕዝብ አስቀድሞ ክፈል ሲባል «መጀመሪያ ልስማው» ቢል የሚያስወቅሰው ነገር የለም።